ቀን አይያዝም የተባለው ዓሣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሄድኩበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። "ጋሽ ደምሴ፣ ምን ሲሠሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት?" ይሉኛል። ጠያቂው መልሱን ራሱ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ታክሲ፣ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል እንድለው ይጠብቃል። "ሰው ዓሣ ሳስይዝ ነው የኖርኩት" ስለው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ የማላግጥበት ይመስለዋል፣ በመጨረሻ ግን ወንበሩን ያስጠጋል።

ሲያስጠጋ ደስ ይለኛል። ጉራ አልወድም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፣ እኔ ግን እወዳለሁ። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዎልአይ የሚባለውን የማታ ዓሣ በጠራራ ፀሐይ ያስያዝኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። የእኔ እንጀራና የአንድ ሽማግሌ ጀልባዎች ያ ዓሣ ቀን ይያዛል ወይስ አይያዝም በሚል ክርክር ላይ የተንጠለጠሉበት ቅዳሜ ነበር። የምጽፈው ስለዚያ ቅዳሜ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ዎልአይ ረዘም ያለ፣ ጥርሳም፣ የጀርባው ክንፍ የሚወጋ ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፤ እሾሁም አያስቸግርም። ትልቁ ነገሩ ዓይኑ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት እንደ ድመት ዓይን ያበራል። የኛ ሰዎች "ድመቴ" የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። በጨለማ አጥርቶ ስለሚያይ ማታ ማታ ወደ ጥልቀት የሌለው ድንጋያማ ውኃ ወጥቶ ትንንሾቹን ዓሦች ሳያዩት ይደርስባቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ያው ዓይኑ ጠላቱ ይሆናል፤ ብርሃን ይወጋዋል፣ ይሸሸጋል። በዚህ የተነሳ ወንዙን የሚያውቅ ሁሉ ዎልአይ የማታ ነው ይላል።

እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐይቁ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በመረብ ያሰግር ነበር፣ እኔም ታንኳ ላይ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ ጥሩነሽ ዲቪ ደርሷት ስንመጣ ግን ማንም ዓሣ አስጋሪ አልፈለገም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ጀልባ ማቆሚያ ነው። የጀልባ ሆድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር እፍቃለሁ፣ ክረምት ሲመጣ ጀልባዎቹን በላስቲክ እሸፍናለሁ። አለቃዬ ስሜን አንድም ቀን ሳይዘው ተለያየን። ደሞዙ ደሞዝ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልለውም።

ሚስተር ዋልትን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሞተራቸው ላይ የዓሣ ክር ተጠምጥሞ ጀልባቸውን ይዘው መጡ። መካኒኩ በቢላዋ ሊቆርጠው ሲል "ቆይ" ብዬ ተንበረከክሁና በጣቴ ፈታሁት። የተወሳሰበ መረብ ሲፈታ ያደገ እጅ ለዚህ አይቸገርም። ሽማግሌው ክሩን ተቀብለው እንዳልተበጠሰ አዩና "ይህን የት ተማርክ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። በሳምንቱ የእሳቸው ተቀጣሪ ሆንኩ።

በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። የጀልባ ቤታቸው ከወንዙ ትልቅ ፏፏቴ በላይ፣ በሜሪላንድ በኩል ነው፤ ማዶው ቨርጂኒያ ነው። ሥራቸው ከፍለው የሚመጡ ሰዎችን ማታ ጀልባ ላይ አውጥተው ዎልአይ ማስያዝ ነበር። እኔ መጀመሪያ ጀልባ ገፊ ነበርኩ፣ በኋላ ፈቃዱንም ፈተናውንም ጨርሼ አስያዥ ሆንኩ።

ሚስተር ዋልት ሲያስተምሩ አያብራሩም፤ ያደርጋሉ፣ አንተ ታያለህ። ቦታው ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። ደንበኛው ከፍሎ መጥቶ በጨለማ ምን እንደሚጠብቅ ግራ ይገባዋል፣ ያጉረመርማል። እሳቸው ግድ የላቸውም። ጀልባ ሲመጣ የሸሸው ሁሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ መንጠቆ ውኃ አይነካም። መንጠቆውን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ያስነኩታል፤ ካንሸራተተ አልተሳለም ማለት ነው፣ ሞረድ ያወጣሉ። ክሩን በከንፈራቸው መሃል ያሳልፉታል፤ ጣት የማያገኘውን ቁስል ከንፈር ያገኛል ይላሉ። ዓሣ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ያርሳሉ፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን ይልጠዋልና። በጸደይ እንቁላል የያዘችን ትልቅ እናት ማንም ለምኖ አያስቀራትም፤ ወደ ውኃው ትመለሳለች።

ስለ ማታና ስለ ቀን ከጠየቅኋቸው ግን መልሳቸው አንድ ነበር። "ቀን የሚወጣ ሰው ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ዎልአይ አይዝም።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም ይህን ይዤ ዓመታት ኖርኩ።

ነገር ያመጣው መኮንን ነው። መኮንን የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ነገር ካልነካካ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን ኮል አደረገልኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁሌ ማታ ና ትለኛለህ። እኔ ማታ ሺፍት ላይ ነኝ። የኛ ሰው ሁሉ ማታ ሺፍት ላይ ነው። ኦፍ የምንሆነው ቀን ነው።"

"ቀን አይያዝም አልኩህ እኮ።"

"ታዲያ ቀን ምን ይሠራል? ተኖ ይጠፋል?"

ሳቅሁበት፣ ግን ልሞክረው አልኩ። ሚስተር ዋልት ልጃቸው ዘንድ በሄዱበት ቀን ጀልባ እንድጠቀም ፈቅደውልኝ ስለነበር መኮንንንና ሁለት ጓደኞቹን ይዤ ወጣሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ዓሣ በጾም ይበላል አለ፣ ሌላው በሁዳዴ አይበላም አለ፣ ጀልባው ላይ ክርክር ሆነ። መኮንን "መጀመሪያ ይያዛ! ከዚያ ትካሰሳላችሁ" ብሎ ገላገላቸው።

ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ውኃው እንደ መስታወት ጠርቷል። እኔ ደግሞ ማታ ከምንይዝበት ድንጋይ ላይ ወስጄ አቆምኳቸው። ጣሉ፣ ሳቡ፣ ጣሉ፣ ሳቡ። ምንም የለም። መኮንን "ዓሣን መብላት በብልሃት ነው፤ መያዙ ደግሞ በጸሎት ነው መሰለኝ" እያለ ያበግነኛል። ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ የዝዋይ ልጅነቴ መጣና ጉድ ሠራኝ። እኛ አገር ቆሮሶው ሸምበቆ ውስጥ ሲሸሸግ ውኃውን በመቅዘፊያ እየመቱ፣ እየጮኹ ማስወጣት የተለመደ ነው። ብድግ ብዬ መቅዘፊያውን አነሳሁና ውኃውን ጧ! ጧ! አደርገው ጀመር። "ምቱ!" አልኳቸው። እነሱም ምን ገዷቸው፣ አንዱ በእጁ፣ አንዱ በባልዲ፣ መኮንን በጩኸት ተባበሩኝ። ከድንጋዩ ሥር ረጃጅም ጥላዎች ተወርውረው ወጡ፤ ለአፍታ ታዩና ጠፉ። አንድም አልቀረም።

ማዶ ላይ የሚስተር ዋልት የጥንት ደንበኛ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሌላ ዓሣ ያጠምድ ነበር። የማጥመጃ ዘንጉን ሰብስቦ እየተመናጨቀ ሄደ። እሳቸው ሲመለሱ ወሬው ቀድሞ ጠበቃቸው።

አልተቆጡም። በማግስቱ ማታ እዚያው ቦታ ወሰዱኝ፣ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ፣ ጣሉ። ምንም አልነካቸውም። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ሐይቃችሁ ላይ ውኃውን ስትመቱ ዓሣው ወዴት ይሄዳል?" አሉኝ።

"ወደ መረቡ።"

"እዚህ መረብህ የት አለ? የምታባርረው ወደ ማን ነው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአባቴ የተማርኩት ሙያ ያሳፈረኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደንበኛው እንደተቀየመ ቀረ። መኮንንም ወሬውን አሌክሳንድሪያ አድርሶት ስሜ "ዓሣ አባራሪው" ሆነ፤ ሰርግ ላይ ሳይቀር በዚያ ስም ተጠርቻለሁ።

ግን እልህ ያዘኝ። እነዚያ ጥላዎች ከዓይኔ አልጠፉም። ቀን ተነው አይጠፉም ማለት ነው፤ እዚያው አሉ፣ ግን ተሸሽገዋል። የማያባርር ሰው ታዲያ ወደ መሸሸጊያቸው መሄድ አለበት። ከዚያ ጀምሮ የእረፍት ቀኔን ሁሉ ወንዙ ላይ ዋልኩ። ጥሩነሽ "ሌላው ሰው ኦፍ ሲሆን ያርፋል፣ ያንተ ኦፍ ደግሞ ሥራ ነው" ትለኛለች።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ማታ ዓሣው ወዳንተ ይመጣል፣ ቀን አንተ ትሄድለታለህ። ማታ መንጠቆ ያለበትን ረጅም የውሸት ዓሣ ከውኃው ላይኛ ክፍል በዝግታ ታሳልፍለታለህ፣ እሱም እየተከተለ ይመታዋል፤ እጅህን ያስደነግጠዋል። ቀን ግን አያሳድድም። የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን መንጠቆ አፍንጫው ሥር ካላደረስክለት አፉን አይከፍትም፤ ሲነክስም እርጥብ ካልሲ የተንጠለጠለበት ያህል ክሩ ከበድ ይላል እንጂ አይመታም። ነፋስ ውኃውን ሲያሸበሽበው፣ ደመና ሲሆን፣ ዝናብ ወንዙን ሲያደፈርሰው ይደፍራል። ድፍርስ ውኃ ለዎልአይ ጣሪያ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት እይዝ ጀመር። ለሚስተር ዋልት ስነግራቸው "አጋጣሚ ነው" ይሉኛል። እኔም አልከራከራቸውም።

ከዓመታት በኋላ ክፉ ክረምት መጣ። የሚስተር ዋልት ዓይን ደከመ። ቀን ደህና ያያሉ፣ ሲመሽ ግን የእጃቸውን መዳፍ እንኳ አይለዩም። በዚያው ሰሞን ኢንሹራንሱ ማታ ሰው ጀልባ ላይ ማውጣትን አልሸፍንም አለ። ማታ ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ጀልባ ምን ያደርጋል? ሊንዳ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ አርሊንግተን ቢሮ ትሠራለች። ለጀልባዎቹ ገዢ አገኘች። ሲያዩዋት ጨካኝ አልነበረችም።

"ደምሴ፣ አባቴ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ መንጠቆ ሲሞርድ ነው የከረመው" አለችኝ። "የሚጠቀምበት የለም፣ እሱ ግን ይሞርዳል። ከኔ ጋርም መነጋገር አቁሟል። ጀልባዎቹ ከዓይኑ ቢጠፉ ይሻለዋል።"

"አይሻላቸውም" አልኳት። "ዎልአይን ቀን ማስያዝ እችላለሁ። ኢንሹራንሱ ቀን ይሸፍናል። ደንበኛም አለ፤ የኛ ሰው ቀን ነው የሚመቸው።"

"አባቴ ራሱ ቀን አይያዝም ይላል እኮ።"

"እሳቸውም ይምጡና ይዩ።"

አሰበችበት። "ገዢው ሰኞ ይመጣል። ቅዳሜ እንሞክር። ግን አንተ ዘንግ አትነካም። አንተማ ትይዝ ይሆናል። ከፍሎ የሚመጣው ሰው መያዝ አለበት።"

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ነው ያስፈራኝ። ደንበኛ ሆኖ ማን ይምጣ ብዬ ባስብ ከመኮንን ሌላ ማንም አልመጣልኝም። ቀን ኦፍ ነው፣ ዓሣ ይዞ አያውቅም፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። እሱ ከያዘ ማንም ይይዛል።

ቅዳሜ ሰማዩ አንዲት ደመና የለበትም። ቅጠል አይነቃነቅም። ጀልባውን ገፋሁ። ሚስተር ዋልት የክረምት ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፣ ሊንዳ አጠገባቸው፣ መኮንን መሃል። 

ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ እንደነበር አውቃለሁ። ዝናቡ የት እንደደረሰ ነው ያላወቅሁት። መቅዘፊያውን ቀጥ አድርጌ ውኃው ውስጥ ከተትኩና ጫፉ የት ላይ እንደሚሰወር አየሁ። በሜሪላንድ በኩል እስከ ጫፉ ይታያል። ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሬ ደግሜ ከተትኩ። ገና ክንድ ሳይሞላ ጠፋ። እዚያ አንድ ትንሽ ወንዝ ጭቃውን ይዞ ይገባል፤ ድፍርሱና የጠራው ጎን ለጎን ይወርዳሉ፣ መሃላቸው ላይ እንደ ልብስ ስፌት የመሰለ መስመር አለ። መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ ድንጋዩ በድንገት ወደ ጥልቅ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። "እዚህ ነው" አልኩ በልቤ። ሞተሩን አጠፋሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

መኮንን በአማርኛ ሹክ አለኝ፤ "ደሜ፣ ልምታልህ እንዴ?"

"አፍህን ዝጋ!" አልኩት፣ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

ከዚያ ጣለ። ሲጥል ጥሩ ነው፣ ሲስብ ግን መኪና የሚያስነሳ ነው የሚመስለው። "ቀስ በል። እርሳሱ ድንጋዩን ይንካ፣ ትንሽ አንሳው፣ መልሰህ አስነካው።"

"ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እተኛለሁ።"

"እንዲያውም ተኛ!"

ረጅም ጊዜ አለፈ። ምንም አልነካም። ሊንዳ ሰዓቷን አየች። ሚስተር ዋልት ፊታቸውን ሳይመልሱ "ወደ መሃሉ ውሰደን፤ ጥልቁ ጋ" አሉ። አብሬያቸው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አድርግ ያሉኝን አላደርግም ብዬ አላውቅም። እጄ ወደ ሞተሩ ሄደ። ከዚያ መለስኩት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚሁ ነው ያለው። እርሳሱ ከብዶት ነው፤ ከፊቱ ቶሎ እያለፈበት ነው" አልኳቸው። ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

የመኮንንን እርሳስ ፈትቼ ከሁሉ የቀለለችዋን አሰርኩለት። ጀልባው በመስመሩ ላይ ከውኃው ጋር ብቻ እንዲንሸራተት ለቀቅሁት። መኮንን ጣለ፣ አስነካ፣ አነሳ፣ አስነካ።

"ድንጋይ ያዘኝ" አለ።

"ድንጋይ ይንቀሳቀሳል?"

"ቆይ... ኧረ ይንቀሳቀሳል! ደምሴ! ይንቀሳቀሳል!"

ዘንጉ ታጠፈ። መኮንን ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ የሚያውቀውን ሁሉ ጠራ። መረቡን ከሥሩ አስገብቼ ሳወጣው ዎልአይ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እየተገላበጠ። መኮንን ጀልባው ውስጥ ሊጨፍር ሲነሳ በኮሌታው ይዤ አስቀመጥኩት። ሊንዳ አፏን ይዛ ቀረች፤ ወዲያው ግን "አንድ ዓሣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል" አለች። የአባቷ ልጅ ናት። ጀልባውን በዚያው መስመር መልሼ አንሸራተትኩት፣ መኮንን ሁለተኛውን ያዘ። አሁን ማንም አጋጣሚ አላለም።

ሚስተር ዋልት ኮታቸውን አወለቁ። ዘንግ አነሱና መንጠቆውን ጥፍራቸው ላይ አስነኩ፣ ክሩን በከንፈራቸው አሳለፉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "እሺ፣ ምን ላድርግ?" አሉኝ።

 ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው የሚጠይቁኝ። እንደምንም "ከጠበቁት በላይ ቀስ ይበሉ። ሲከብድዎት ብቻ ይንገሩኝ" አልኳቸው። አልነገሩኝም፤ እጃቸው እኔን አልጠበቀም። ክሩ ሲከብድ ዘንጉን አነሱት፣ ዓሣውም ወደ ጥልቁ ወረደ። ሲታገሉ ጀርባቸው ቀና አለ። ያወጧት ትልቅ እናት ነበረች፣ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ።

እጃቸውን አርሰው አቀፏት። ፊታቸውን አስጠግተው አዩዋት፤ አገላብጠው ደግመው አዩዋት። ፀሐይ ቅርፊቷ ላይ ስታርፍ ጎኗ ሁሉ ወርቅ ነበር።

"ወርቅ ናት" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ በእጅ ባትሪ ነው ያየኋት። ግራጫ ነበር የምትመስለኝ።"

ሊንዳ ዓሣዋን አላየችም። የምታየው የአባቷን ፊት ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እናቲቱን ውኃ ውስጥ ራሷን ወደ ወራጁ አዙረው ያዟት፤ ትንፋሿ ሲመለስ ጭራዋን መታ አድርጋ ሄደች። ማንም ይመልሷት አላላቸውም።

ሊንዳ ወደ ጀልባው ጫፍ ዞረች፣ ስልኳን አወጣች። ገዢው ጋ ነበር የደወለችው። "ሰኞ መምጣት የለብህም፤ ካንስል አድርገው። የሚሸጥ ጀልባ የለም" አለችው። ድምፅዋ ከፍ ከፍ አለ፤ "የለም አልኩህ እኮ! አንዱም አይሸጥም!"

ሚስተር ዋልት መንጠቆአቸውን መልሰው ጥለው ነበር። ከክራቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ አንድ ጣታቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቀስ ብለሽ አውሪ ልጄ" አሏት፤ "ሥራ ላይ ነን።"